ባልዎ፦ የከባድ መኪና ሹፌር ግጥም

ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባችን ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄድ እስከ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ ሸኘነው። ሻንጣው ሲመዘን ከተፈቀደው በላይ ሆነና መጻሕፍቱን ለእኛ ትቶ ሄደ። ከበሩ ውጭ ቆመን አውሮፕላኑ እስኪነሣ ስንጠብቅ፣ አንድ ሽማግሌ ሹፌር የመኪናውን መሪ በጣቱ እየመታ አንዲት አጭር ዘፈን ይደጋግም ነበር። ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። ምን እንደሆነች ብንጠይቀው «ባልዎ ናት» አለን። የዛሬው ሂሳችን ስለዚህች ግጥምና ስለ ጀማሪዋ ነው።

ባልዎን የጀመረው አብዲ ሲኒሞ ነው። «ሲኒሞ» ቅጽል ስሙ ሲሆን በሱማልኛ ሲኒማ ማለት ነው። ሰውየው በቦረማ አካባቢ የተወለደ ላብ አደር፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በጅቡቲ፣ በድሬዳዋና በሀርጌሳ መካከል ዕቃ ያመላልስ ነበር። እንደሚተረከው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ገደማ መኪናው በረሃ ላይ ተበላሸችበት። መጠገኑ ቢያቅተው እዚያው ተቀምጦ የመጀመሪያዋን ባልዎ አዜመ። ስሟም ከመከራ ጋር የተያያዘ ነው። አብዲ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ዐረፈ።

የባልዎ ኃይል አጭርነቷ ነው። በሱማሌዎች ዘንድ ትልቁ ግጥም ገበይ ይባላል፤ ረጅም ነው፤ የጎሣና የጦር፣ የጠብና የዕርቅ ጉዳይ ይነገርበታል። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ድረስ በቃላት መነሻ ላይ አንድ ድምፅ መመላለስ አለበት። ባልዎ ይህንኑ የድምፅ ሕግ ይዛ በሁለት ስንኝ ትጨርሳለች፤ ጉዳይዋም ፍቅር ነው።

እኛም መንቶ ስላለን ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ልዩነቱ እኛ ቤት የምንመታው በስንኝ መድረሻ፣ እነርሱ ግን በቃል መነሻ መሆኑ ነው። በቀደሙት ዕትሞቻችን የወጡት የባልዎ ትርጉሞች፣ የእኛም ጭምር፣ ቤት ለማስመታት ሲባል ሐሳባቸው ተጎትቷል። ጥሩ አማርኛ ሆነው ይሆናል፤ ባልዎ ግን አልሆኑም።

ባልዎም ብትሆን ነቀፋ አያጣትም። ጥንድ ስንኞቹ እየተቀጣጠሉ ሲረዝሙ «ሄሎ» ተባሉ፤ ይህ የስልኩ ሄሎ ሳይሆን ከዘፈኑ አዝማች የመጣ ስም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሄሎዎች አንዱ ጥንድ ከሌላው ጋር አይተዋወቅም፤ እንደ ገበያ መንገደኛ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ። ሼኮችም ባልዎን ነውር ነው ብለው አወገዟት፤ ስሟ የተለወጠውም በከፊል ለዚሁ ነው። በኋላ ግን ገጣሚዎች አንድ ሐሳብ ከዳር እስከ ዳር ይዘው መግጠም ጀመሩ፤ አብዱላሂ ቀርሼ ዑድ ጨመረበት፤ የነፃነትም ጥያቄ ገባበት። የዘመናዊው የሱማሌ ሙዚቃ ሥር ይኸው ነው።

በ1988 (እ.ኤ.አ.) ከዚሁ ከቆምንበት አየር ማረፊያ የተነሡ የመንግሥት አውሮፕላኖች ሀርጌሳን ራሷን ደበደቡ። ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ የሐርተሼክ መጠለያም ያን ጊዜ ተከፈተ። የሬዲዮ ሀርጌሳ ካሴቶች ከፊሉ መሬት ውስጥ ተቀብረው፣ ከፊሉ ድንበር ተሻግረው ተረፉ። ባልዎን ግን ማንም ሰው በአፉ ይዟት መሻገር ይችል ነበር።

በበኩላችን ከአብዲ የምንማረው ይህን ነው። በመጠለያችን ብዙዎቻችን «ካለፈልን በኋላ፣ አገር ስንገባ እንጽፋለን» እያልን ዓመታት ቆጥረናል። እርሱ መኪናው እስኪጠገን አልጠበቀም። ስለዚህ ልብስ ሰፊውም፣ ዳቦ ጋጋሪውም፣ ውኃ ወረፋ የቆመችውም እኅታችን ለመጪው ዕትም ሁለት ሁለት ስንኝ ያምጡልን። ረጅሙን አንጠይቅም።

ቸር ይግጠመን።