ከደንብ ውጭ የሆኑ የእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥሮችና አዳዲስ ቃላት፦ ስለ አስተማማራችን አንዳንድ አስተያየት

ለማስተማር ልምምድ የተሰማሩ ዕጩ መምህራንን ስንጎበኝ፣ አንድ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ክፍሎች በእንግሊዝኛ በጻፈው ድርሰት ውስጥ «ማውሲዝ» ያለውን መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዞ «ማይስ» ብሎ እንዳረመው ተመለከትን። ተማሪው ምክንያቱን ቢጠይቅ ያገኘው መልስ «ልዩ ስም ስለሆነ በቃልህ አጥና» የሚል ብቻ ነበር። ይሁንና ይህ መሣሪያ ሲሆን መዛግብተ ቃላት ሁለቱንም ቅርጾች ይቀበላሉ። ተማሪው ነጥብ ያጣው ባልተሳሳተበት ነገር ነው።

ይህ የአንድ ዕጩ መምህር ጥፋት ብቻ አይደለም። በብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ከደንብ ውጭ የሆኑ ብዙ ቁጥሮች ያለ ልዩነት በአንድ ዝርዝር ተደርድረው ይቀርባሉ። ዝርዝሩ የቃላቱን መነሻም ሆነ የዛሬ አገልግሎታቸውን አይገልጽም። አዲስ ቃል በመጣ ቁጥርም መምህሩን ያለ መመሪያ ያስቀረዋል።

በእርግጥ በዝርዝሩ ያሉት ቃላት የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም። «ቱዝ» «ቲዝ»፣ «ማውስ» «ማይስ» የሚሉት የጥንታዊ እንግሊዝኛ ቅሪቶች ናቸው። በዚያ ዘመን «ቡክ» የሚለው ቃል እንኳ በአናባቢ ለውጥ ይበዛ ነበር፤ በኋላ ግን ለተለመደው ደንብ ገብሮ «ቡክስ» ሆነ። ከላቲን የመጡት ደግሞ ሥራ ተከፋፍለዋል። የመጽሐፍ ማውጫዎች ብዙውን ጊዜ «ኢንዴክሲዝ» ሲባሉ በሒሳብ «ኢንዲሲዝ» ይዘወተራል፤ የነፍሳት «አንቴና» ሲበዛ «አንቴኒ»፣ የሬዲዮው ግን «አንቴናዝ» ነው። «ቫይረስ» የላቲን መልክ ስላለው «ቫይራይ» የሚሉ አሉ፤ ትክክሉ ግን «ቫይረሲዝ» ነው።

አዲሱ ቴክኖሎጂ ነገሩን ይበልጥ አወሳስቦታል። ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ ያሳየው መሣሪያ የአይጥን ስም ቢወርስም ብዙ ቁጥሯን ሙሉ በሙሉ አልወረሰም። «ዳታ» በመነሻው የ«ዳተም» ብዙ ቁጥር ነው፤ በሳይንስ ጽሑፍ ዛሬም እንደ ብዙ የሚይዙት ሲኖሩ፣ በኮምፒዩተር ሙያ ግን እንደ ውኃና እንደ አሸዋ በማይቆጠር ስምነት በነጠላ ግሥ ይነገራል። «ሶፍትዌር» የማይቆጠር በመሆኑ ብዙ ቁጥር አይቀበልም። ተማሪዎቻችን «ሶፍትዌርስ» የሚሉት ግን በስንፍና ሳይሆን፣ አማርኛው «ሶፍትዌሮች» ማለትን ስለሚፈቅድ ነው።

ጂን በርኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው ጥናት፣ ሕፃናት ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን «ዋግ» የተባለ የፈጠራ ቃል እንዲያበዙ ስትጠይቅ አብዛኞቹ «ዋግዝ» ብለዋል። ስለዚህ ደንቡ በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ ሕያው ነው። «ማውሲዝ» የጻፈው ተማሪም ይህንኑ ሕያው ደንብ ሠርቶበታል።

ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከግእዝ በወረስነው ርባታ «መጽሐፍ» «መጻሕፍት» ይሆናል፤ ለ«ኮምፒዩተር» ግን ማንም እንዲህ ያለ ርባታ አይፈልግለትም፣ «ኮምፒዩተሮች» ይላል እንጂ። «ነገሥት» ራሱ ብዙ ሆኖ ሳለ «ነገሥታት» ተብሎ ዳግም እንደ በዛ ሁሉ፣ የእንግሊዝኛው «ቺልድረን»ም በብዙ ላይ ብዙ የተደረበበት ቃል ነው። ይህን ያስተዋለ ተማሪ የባዕዱን ቋንቋ ጠባይ በራሱ ቋንቋ መስታወት ያየዋል።

ይህ ማለት ግን በቃል ማጥናት ይቅር ማለት አይደለም። «ቺልድረን»ና «ቲዝ» ዘወትር ስለሚነገሩ መጠናት አለባቸው። የምንነቅፈው ዝርዝሩ ብቻውን ትምህርት ተደርጎ መወሰዱን ነው። ስለዚህ የመጻሕፍት አዘጋጆች ጥንታውያኑን፣ ከላቲን የመጡትንና የማይቆጠሩትን ለይተው ያቅርቡ፤ ሁለት ቅርጽ ያላቸውን ቃላት በግልጽ ያመልክቱ። ፈተና አውጪዎችም ሁለቱም ቅርጾች የሚያስኬዱበትን ቃል ከምርጫ ጥያቄ ያውጡ። መምህሩ በበኩሉ ቀይ ቀለሙን ከማንሣቱ በፊት መዝገበ ቃላቱን ይክፈት።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው እርማት በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ተወስኖ አይቀርም። ደንብን በማስተዋል ሠርቶበት የተቀጣ ልጅ በሌላው ትምህርትም ከማሰብ ይልቅ መሸምደድን ይመርጣል፤ ይህም ከጥቂት ነጥቦች የበለጠ ጉዳት ነው።