ስለ ጽሑፍ አሰዳደርና ስለ ካፋ ቡና ምንባብ

ጽሑፍ ሲነበብ ቃሉ ብቻ ሳይሆን አሰዳደሩም ይናገራል። የቀደመው ስለ ምን ቀደመ፥ የተከተለውስ ስለ ምን ተከተለ ብሎ የማይጠይቅ አንባቢ፥ ጸሐፊው በግልጥ ያልተናገረውን ነገር ሳያውቀው ተቀብሎ ይሄዳል። ይህንን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቦንጋ ከተማ የሚማር አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነው።

ልጁ ስለ ቡና የተጻፈ አጭር ምንባብ ይዞ መጣና «የኔታ፥ ይህ ጽሑፍ በምን ሥርዐት እንደ ተሰደረ ለይታችሁ ጻፉ ተብለናል» አለኝ። የምንባቡም ነገር እንዲህ ነበረ። በመጀመሪያ ካልዲ የሚባል እረኛ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲዘሉ አየ፤ ቀጥሎ ፍሬውን ወደ ገዳም ወሰደ፤ ከዚህ በኋላ መነኰሳቱ አፍልተው ጠጥተው ለሌሊት ጸሎት ነቁበት፤ ከዚያም ቡና ወደ የመን ተሻገረ፤ በመጨረሻም ከካፋ ስም የተነሣ በዓለም ሁሉ «ኮፊ» ተባለ። እኔም ብዙ ሳላስብ «በዘመን ቅደም ተከተል ነው» አልሁት። ልጁ ግን ወዲያው «እንግዲያውስ ካልዲ የነበረው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የዘመኑ ትምህርት ቤት ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ዐይነት አሰዳደር በአንዱ ይቆማል ብሎ ያስተምራል። እነዚህም የዘመን ቅደም ተከተል፥ ምክንያትና ውጤት፥ ማነጻጸር፥ ችግርና መፍትሔ፥ አንድን ነገር በየክፍሉ መግለጽ ናቸው። ይህ ትምህርት በቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ዜና መዋዕል የንጉሡን ሥራ በየዓመቱ ይተርካል። ፍትሐ ነገሥት ከ51 አንቀጾቹ 22ቱን ለመንፈሳዊው፥ 29ኙን ለሥጋዊው ሥርዐት ሰጥቶ ነገሩን በየርእሱ ይለያል፤ ስለዚህ የውርስን ነገር የሚሻ ሰው የጋብቻውን አንቀጽ አስቀድሞ ማንበብ ግድ አይሆንበትም። የአንድምታ መምህር «አንድም» እያለ ትርጓሜን በትርጓሜ አጠገብ ያቆማል፤ አድማጩም ሁለቱን ያነጻጽራል እንጂ ሁለተኛው ከፊተኛው ተወለደ አይልም። ስንክሳር ደግሞ በዕለት ተራ የተሰደረ ስለ ሆነ ለማያውቀው የዘመን ታሪክ ይመስለዋል። ነገር ግን በአንድ ዕለት ንባብ የጥንት ሰማዕትና ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተነሣ ጻድቅ ጐን ለጐን ይገኛሉ፤ ያገናኛቸው በዓላቸው ነው እንጂ ዘመናቸው አይደለም። ይህን ያወቀ ሰው በመጽሐፍ ተከትሎ መጻፍ ሌላ፥ በዘመን ተከትሎ መሆን ሌላ እንደ ሆነ ያውቃል።

በዚህ ዐይን የቡናውን ምንባብ እንመርምረው። «በመጀመሪያ፥ ቀጥሎ፥ ከዚህ በኋላ» የሚሉት ቃላት የዘመንን ልብስ አልብሰውታል፤ ልብሱ ሲገለጥ ግን በውስጡ ያሉት ነገሮች የአንድ ወገን አይደሉም። የእረኛው ነገር ትረካ ነው። ይህን ትረካ በአውሮፓ ያሰራጨው ማሮናዊው ሊቅ ፋውስቶስ ናይሮን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1671 ያሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፥ ካልዲ የሚለው ስም በዚያ አልነበረም፤ ኋላ የተጨመረ ነው። የየመኑ ነገር ግን ታሪክ ነው፤ በ15ኛው መቶ ዓመት በየመን የሱፊ ወገን የሆኑ እስላሞች በሌሊት ጸሎታቸው ለመንቃት ቡና ይጠጡ እንደ ነበር ማስረጃ አለ። የስሙ ነገር ደግሞ የቋንቋ ክርክር ነው። ብዙዎች የቋንቋ ሊቃውንት «ኮፊ» የሚለውን «ቀህዋ» ከሚለው የዐረብ ቃል በቱርክ በኩል ያወርዱታል፤ ካፋዎች ራሳቸውም በቋንቋቸው «ቡኖ» ይላሉ። እንግዲህ ትረካና ታሪክ ክርክርም በአንድ ክር ተሰክተው ሁሉም እኩል እውነት መስለው ታዩ።

በዚህ ላይ የቋንቋችን ጠባይ ይረዳዋል። ሰዋስው የተማረ ሁሉ የቦዝ አንቀጽን ኀይል ያውቃል። «ፍሬውን በልተው ዘለሉ» ስንል መብላቱ እንደ ቀደመ ብቻ ነው የተናገርነው፤ ሰሚው ግን «ስለ በሉ ዘለሉ» ብሎ ይሰማዋል። ቦዝ አንቀጽ ቅደም ተከተልን ይናገራል፤ ምክንያትን ግን በዝምታ ያስገባል። ልጆቻችን «ከዚህ በኋላ» እና «ስለዚህ» የሚሉትን ለይተው እንዲያውቁ ስናስተምር፥ ዝም ብሎ የገባውንም ምክንያት እንዲይዙ ልናስተምራቸው ይገባል።

«ይህ ሁሉ ለአንድ የእረኛ ተረት ነውን? ልጆችን ደስ ካሰኘ ምን ይጐዳል?» የሚል ይኖራል። ጉዳቱ በካፋ ላይ ነው። የአውሮፓ ሰዎች ቡናን ከዐረብ አገር ስለ ተቀበሉ ከዚያው የበቀለ መሰላቸው፤ ሊኔዎስም በ1753 ተክሉን በመጽሐፉ ሲመዘግብ «አራቢካ» አለው። መጀመሪያ የታየበትን መጀመሪያ የበቀለበት ማድረግ፥ ይህም የአሰዳደር ስሕተት ነበር። ይህን ስሕተት ያረመው የፍየል ዝላይ አይደለም፥ ደኑ ነው። አራቢካ ቡና ሰው ሳይተክለው በካፋና በአካባቢው ባሉት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ይበቅላል፤ በዘሩም ብዙ ልዩ ልዩ ዐይነት ያለው በዚያ ነው። የካፋም ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቦአል። እንዲህ ያለ ምስክር ያለው አገር ክብሩን ዓመተ ምሕረት በሌለው እረኛ ላይ ቢያቆም፥ እረኛውን የሚክድ ሰው በተነሣ ጊዜ ደኑም አብሮ የተካደ ይመስላል።

ስለዚህ መምህራን የአምስቱን አሰዳደር ስም ማስጠናት ብቻ ይበቃል እንዳይሉ እለምናለሁ። ልጁ ስሙን ካወቀ በኋላ ጽሑፉን ይፈትነው። የዘመን ቅደም ተከተል ነው ካለ፥ ዓመቱ የት አለ ብሎ ይጠይቅ። በየክፍሉ የተገለጸ ነው ካለ፥ ክፍሎቹን ቦታ ያለዋውጣቸው፤ ነገሩ ካልተበላሸ እውነቱን ነው። ምክንያትና ውጤት ነው ካለ ደግሞ «ያ ባይሆን ኖሮስ?» ይበል። ከዚያው ከካፋ ታሪክ ምሳሌ እንውሰድ። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ባይዘምት ኖሮ የንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ መንግሥት በዚያ ጊዜ ይወድቅ ነበርን? አይወድቅም፤ እንግዲያስ ምክንያቱና ውጤቱ ተያይዘዋል። እረኛው ባይኖር ኖሮስ ቡናው በካፋ ደን ሳይበቅል ይቀር ነበርን? አይቀርም፤ እንግዲያስ እረኛው የታሪኩ ጌጥ ነው እንጂ ሥሩ አይደለም።

ተረቱ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። አማርኛችን «ይባላል» የሚል መልካም ቃል አለው፤ ተረት በዚያ ቃል ሥር በክብር ይቀመጣል። ያ ልጅ በማግሥቱ ምንባቡን በራሱ እጅ ጽፎ አመጣልኝ። በደኑ ጀምሮ፥ ደኑ ስለ መሰከረው ተናግሮ፥ ወደ የመን ተሻግሮ፥ የስሙን ክርክር ከሁለቱም ወገን አኑሮ፥ በመጨረሻ «ደግሞም እንዲህ ይባላል» ብሎ ካልዲንና ፍየሎቹን አስገባቸው። ከፊተኛው ጽሑፍ አንድ ነገር አላስቀረበትም፤ ሁሉን በየቦታው አኖረው እንጂ። እኔም ለመጀመሪያው ችኩል መልሴ ይቅርታ ጠይቄው መርቄ ሰደድሁት። የቀደመውን ከተከተለው፥ የተባለውን ከሆነው የምንለይበትን ማስተዋል እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን።