ስለ አሮጌይቱ ፓሪስ ፎቶግራፍ አንሺ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዘህ በታላቅ ከተማ ስትዘዋወር አስቀድሞ ዓይንህን የሚስበው ረጅሙ ፎቅና ሐውልቱ ነው። ፈረንሳዊው ኡዤን አትዤ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1890ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ እስከ ሞተበት እስከ 1927 ድረስ ከባዱን የእንጨት መሣሪያና የመስተዋት ሰሌዳ ተሸክሞ ፓሪስን ሲዞር፣ የበር ማንኳኪያ፣ የደረጃ መደገፊያ ብረት፣ የሱቅ መስኮት ያነሣ ነበር። በ1920 ከ2,600 የሚበልጡ ሰሌዳዎቹን የፈረንሳይ መንግሥት ገዛው።

አንዳንድ ሐያስያን ጎዳናዎቹ ጭር ማለታቸውን አይተው ረቂቅ ምሥጢር ይፈልጉበታል። እኔ ግን ይህን አልቀበልም፤ ማለዳ ይወጣ ነበርና ነው፤ ደግሞም ሰሌዳው ብርሃን እስኪቀበል ጊዜ ስለሚፈጅ የሚራመድ ሰው እንደ ጢስ ደብዝዞ ይቀራል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። በ1913 ከከተማው ቅጥር ዳር በጎጆ የሚኖሩትን ጨርቅ ለቃሚዎች የሚያሳይ አልበም አዘጋጀ። ለመኳንንት ቤት ደረጃ የሰጠውን ትዕግሥት ለእነዚያ ጎጆዎችና ለተሰበረው ጋሪ ሳያጓድል ሰጠ። ስለ ራሱም ክብር አልተጨነቀም፤ በ1926 የሱሪያሊስቶች መጽሔት ሥዕሉን በሽፋኑ ሲያወጣ ስሙ እንዳይጻፍ ለመነ።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አይበታለሁ፤ ስለምወደውም አልሸሽገውም። በየሥዕሉ ላይ የመንገዱን ስም በጥንቃቄ ይጽፋል፤ የመኳንንቱም ቤት በጥንት ባለቤቱ ስም ይጠራል። ከጋሪው አጠገብ የቆመው ሰውዬ ግን «ጨርቅ ለቃሚ» ተብሎ ብቻ ቀረ።