ስለ ድልድዩ እንጨት

የሌላ አገር ሰው የጻፈውን ቀልድ ስናነብ ሁለት ዓይነት ሳቅ እንስቃለን። አንደኛው «እነዚህ ሰዎች እንዴት ያሉ ሞኞች ናቸው» እያልን በሰው ላይ የምንስቀው ነው። ሁለተኛው ግን ከጉሮሮ ወጥቶ ሳያልቅ ተመልሶ የሚዋጥ ሳቅ ነው። ሩስያዊው ደራሲ ኒኮላይ ጎጎል ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ሹማምንት የጻፈውን ቴአትር ባነበብሁ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ደረሰብኝ። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ቴአትሩን በጥቂቱ ልመርምርልህና ሳቄ በየትኛው ስፍራ ላይ እንደ ተቋረጠ ልንገርህ።

የቴአትሩ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «የመንግሥት ተቆጣጣሪ» ማለት ይሆናል። መጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1836 ዓ.ም. በፔተርስቡርግ ሲሆን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኒኮላይ ራሱ ተገኝቶ ተመልክቶታል። ታሪኩ አጭር ነው። ከዋናው ከተማ ተቆጣጣሪ በምስጢር ይመጣል የሚል ወሬ ለከንቲባው ይደርሰዋል። ሁሉም የሚደብቀው ነገር አለውና ሹማምንቱ ይሸበራሉ። በዚሁ መካከል ክሌስታኮቭ የሚባል፥ ገንዘቡን በቁማር የጨረሰ፥ የምግብና የአልጋ ዕዳ ስላለበት ከእንግዳ ማረፊያው መውጣት ያቃተው አንድ ተራ ጸሐፊ ያገኙና ተቆጣጣሪው እርሱ ነው ብለው ያምናሉ። ዳኛው 300 ሩብል፥ የፖስታ ቤቱ ሹም 300፥ የትምህርት ቤቶች ኃላፊው 300፥ የበጎ አድራጎት ቤቱ አስተዳዳሪ ደግሞ 400 ሩብል «ያበድሩታል»። ሰውየውም ኪሱን ሞልቶ፥ የከንቲባውንም ልጅ አጭቶ ይሄዳል። እውነቱ የሚገለጠው የፖስታ ቤቱ ሹም እንደ ልማዱ የሰው ደብዳቤ ከፍቶ በማንበቡ ነው፤ በዚያች ከተማ እውነት እንኳ ያለ ወንጀል አትገኝም።

ይህን ቴአትር የሚያመሰግኑ ብዙዎቹ የሚያነሡት የክሌስታኮቭን ውሸት ነው። ለእኔ ግን የደራሲው ዕውቀት ይልቁን የሚታየኝ ከንቲባው በድንጋጤ ጊዜ በሚሰጣቸው ትእዛዞች ላይ ነው። በጫማ ሰፊው ቤት አጠገብ ያለው አሮጌ አጥር ቶሎ ይፍረስ፥ በስፍራውም የጭድ ምልክት ይተከል፥ ለከተማው ፕላን መሬት እየተለካ ነው እንዲባል፥ ብሎ ያዛል። ማፍረስ በበዛ መጠን የሹሙ ትጋት ይታያል ባይ ነው። ወዲያው ደግሞ በዚያ አጥር ሥር 40 ጋሪ የሚሞላ ቆሻሻ እንደ ተከመረ ትዝ ይለዋል። ይህን የጻፈ ሰው የማዘጋጃ ቤትን ሥራ ከውጭ ሆኖ በመስማት ብቻ አላወቀውም እላለሁ። ለእንግዳ ሲባል በአንድ ሌሊት ኖራ የተቀባ ግንብ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

ከዚህም የሚብስ አለ። ለበጎ አድራጎት ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ከአምስት ዓመት በፊት ገንዘብ ተፈቅዶ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን የለም። ተቆጣጣሪው ቢጠይቅ፥ ሥራው ተጀምሮ ሳለ ተቃጠለ እንዲባል ከንቲባው ያዛል፤ በዚህም ነገር አስቀድሞ ሪፖርት ማቅረቡን ያስታውሳቸዋል። እነሆ ሪፖርቱን ልብ በል! በቃል የተነገረ ውሸት ነገ ይረሳል፤ ቁጥርና ማኅተም ያገኘ ውሸት ግን በመዝገብ ቤት ይቀመጥና ለልጅ ልጅ ሰነድ ሆኖ ይተላለፋል።

አሁን ሳቄ ወደ ተቋረጠበት ስፍራ ልድረስ። ነጋዴዎቹ ከንቲባውን ለሐሰተኛው ተቆጣጣሪ ከስሰውት ነበር፤ ከሱቃቸው ጨርቅ ይወስዳል፥ የስሙንም ቀን በዓመት ሁለት ጊዜ እያከበረ ስጦታ ይቀበላል፥ ብለው። ክሱም እውነት ነው፤ ተመልካቹም ያዝንላቸዋል። በአምስተኛው ክፍል ላይ ግን ከንቲባው ልጁ ለትልቅ ሰው ልትዳርለት ነው ብሎ ልቡ ባበጠ ጊዜ ነጋዴዎቹን ጠርቶ ይገሥጻቸዋል፤ ከመካከላቸውም አንዱን፥ ድልድይ ስትሠራ የመቶ ሩብል እንኳ የማይሆነውን እንጨት 20,000 ብለህ ስትጽፍ የረዳህ እኔ አይደለሁምን? ይለዋል። ሁለት መቶ እጥፍ መሆኑ ነው። ስለ እንጨቱም አንድ የሚክድ አይገኝም፤ ይቅርታ ብቻ ይለምናሉ። በዚህች በአንዲት ንግግር የተበደሉት ተባባሪዎች ሆነው ይገኛሉ። ደራሲውም ነገሩን ሳያብራራ አልፎት ይሄዳል፤ እኔ ግን ማለፍ አልቻልሁም።

ምክንያቱን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ ስሠራ የጨረታ ኮሚቴ አባል ሆኜ ነበር። ለአንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሥራ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያዎች በሦስት ድርጅቶች ስም መጡ። ማኅተማቸው ሦስት ዓይነት ነው። ነገር ግን በሦስቱም ላይ 7 ቁጥር ወገቡ ላይ በአንድ ዓይነት ሰረዝ ተቈርጧል፤ በሦስቱም ላይ «ሲሚንቶ» የሚለው ቃል «ሲሚቶ» ተብሎ ተጽፏል። አየሁት። ከጎኔ የተቀመጠውም እንዳየው ዓይኑ ነገረኝ። ሰብሳቢው፥ «ወንድሞቼ፥ ሦስት ተጠየቀ፥ ሦስት መጣ» አለ። በቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምሁ። አንድ ሳንቲም አልተቀበልሁም፤ ይህም ለብዙ ጊዜ ኩራቴ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት የቦዩ ግንብ ተንዶ ጎርፉ ከታች ወዳሉት ቤቶች ገባ። እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናት ዱቄታቸው ሁሉ ረጥቦባቸው አገኘኋቸው። «ልጄ፥ አንተም ፈርመሃል አሉኝ። እንዲያው ስትፈርም ቦዩን አይተኸው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፥ ሥራው በሕጉ መሠረት ነው የተሰጠው፥ ብዬ መለስሁላቸው። ከንቲባው ስለ ተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ካቀረበው ሪፖርት ይህ መልሴ በምን ይሻላል?

በሕግ በኩል እንደ ሆነ ጉድለት ብዙ አልነበረም። አገራችን የማዘጋጃ ቤቶችን አዋጅ ቁጥር 74 ያወጣችው በ1937 ዓ.ም. ነው፤ ስለ ግዥም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 649፥ በኋላም በ2016 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1333 አሉ፤ ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። ሕጉ ግልጽ ጨረታን ያስቀድማል፥ መመሳጠርንም ይከለክላል። የ7 ቁጥርን አጻጻፍ የሚያይ ዓይን ግን ከአዋጁ ጋር ታትሞ አይወጣም።

እንግዲህ በጎጎል ላይ ያለኝን ነቀፌታ ልናገር። ባሏን ያለ ሕግ ለውትድርና የወሰዱባት ሴት ወደ መድረኩ መጥታ ትጮኻለች፤ ያለ ጥፋቷ የተገረፈችውም መበለት ትጮኻለች። በዚያ ድልድይ ላይ የሚያልፈው ገበሬ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይታይም። ይህን መጀመሪያ የደራሲው ጉድለት ነው ብዬ ነበር። ቈይቼ ሳስበው ግን ነገሩ እንዲያው ነው፤ በጅራፍ የተመታ ሰው መቺውን ያውቀዋል፥ በጨረታ የተሰረቀ ሰው ግን ድልድዩ እስኪሰበር ድረስ መሰረቁን አያውቅም፤ ሲሰበርም ጎርፍን ይረግማል። ስለዚህ በዚህ አልወቅሰውም።

የምወቅሰው በመጨረሻው ነው። እውነተኛው ተቆጣጣሪ መጥቷል ተብሎ ሲነገር ሁሉም እንደ ድንጋይ ደርቀው ይቆማሉ፥ መጋረጃውም ይዘጋል። ፍርዱ ከሩቅ፥ ከዋናው ከተማ መጣ። እኔ ይህን ተቆጣጣሪ አላምነውም። ከሐሰተኛው 300 ሩብል እጅግ የሚበልጥ የማይበደር ስለ መሆኑ ደራሲው አንዳች ዋስ አልሰጠንም። በከተማው ውስጥ ድልድዩን በገመድ ሊለካ የተነሣ አንድ ሰው እንኳ ቢያሳየን ኖሮ ምናልባት ቴአትሩ ያን ያህል አያስቅም ነበር፤ እኔም በተሻለኝ።

እኛም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ለልጆቻችን እየሳቅን እናስተምራለን። አባቴም ሲናገረው ይስቅ ነበር፤ እኔም ስቄበታለሁ።

ቦዩ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ለግዥ ወጣ። እኔ በዚያን ጊዜ ሥራ በዛብኝ ብዬ ከኮሚቴው ወጥቼ ነበር፤ እውነተኛውን ምክንያቴንም ለማንም አልተናገርሁም። ሦስት የዋጋ ማቅረቢያዎች መምጣታቸውን ሰማሁ። ሄጄ ልያቸው ብል የሚከለክለኝ አልነበረም። አልሄድሁም።