ማንም የማያየው ሳጥን

ስቱዲዮ የገባ እንግዳ ማይክሮፎኑን ያደንቃል፣ ከሚክሰሩ ጋር ፎቶ ይነሣል፤ ቁጥርን ወደ ኤሌክትሪክ የድምፅ ሞገድ የሚመልሰውን ጠፍጣፋ ሳጥን፣ ዲኤሲውን፣ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ላመስግነው።

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ቁጥር እንጂ ዜማ አይደለም። በሲዲ ደረጃ ለእያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 44,100 ቁጥሮች ይነበባሉ፤ ዲኤሲው እነዚህን በየሰዓታቸው ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጣል። ሰዓቱ ነው ፈተናው፤ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ያህል መዛነፍ እንኳ በመለኪያ ይታያል።

ጥሩ ዲኤሲ ከራሱ ምንም አይጨምርም። የድምፅ ባለሙያው ቤዙን ሲቀንስ፣ የዘፋኙን ትንፋሽ ሲያጎላ የሚፈርደው በዲኤሲው በኩል በሰማው ነው። የሰማው ከተዛባ፣ ጤነኛውን ቅጂ ላልታመመው በሽታ ያክመዋል።

ከዲኤሲ ሠሪዎች ዳን ላቭሪን አከብራለሁ። ገበያው ወደ 192 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 192,000 ቁጥሮች፣ ሲሮጥ፣ የንባብ ፍጥነት ከልክ ሲያልፍ ትክክለኛነት ይቀንሳል ብሎ በጽሑፍ ተከራከረ። ሻጭ ሆኖ «ትልቁ ቁጥር አያስፈልጋችሁም» የሚል ስንቱ ነው?

የእንዲህ ዓይነት ዲኤሲ ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የክፍላችሁን ማሚቶ አስተካክሉ፤ የሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ምርጡም ዲኤሲ ልፋቱ ከንቱ ነው።