ለወባ የምናዋጣው ገንዘብ የት ይግባ?

ሰሞኑን እዚህ ፍራንክፈርት ተሰብስበን ሳለ አንድ ሐሳብ ቀረበልን። ገንዘብ አዋጥተን ፈጣን የወባ መመርመሪያ ኪት እንግዛ፣ ለደምቢያ ቀበሌዎች እንላክ፣ ነዋሪው ሁሉ በአንድ ሳምንት ተመርምሮ የተገኘበት ይታከም፣ ወባም ከዚያ ይጥፋ የሚል ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። አጠገቤ የነበሩት ጋሼ ተቆጡ፤ «የደምቢያን ንዳድ አንተ አታውቀውም!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ተቃውሞዬን እነሆ።

ሐሳቡ ቀና ነው፤ አዲስ ግን አይደለም። ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1900 ኒው ጊኒ ላይ ደም እየመረመረ ተሸካሚውን ሁሉ በኪኒን ሲያክም ነበር። በአማራ ክልልም እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የ«ማልትራ» ሳምንት የትራኮማ መድኃኒት ሲያድል፣ ትኩሳት ያለበትን ለወባ መርምሮ ያክም ነበር። ማለፊያ ሥራ ነው። ለመሆኑ ትኩሳት የሌለበትን ተሸካሚ ማን አየው? እሱ እርሻው ላይ ውሎ ይገባል፤ ማታ የነከሰችው ትንኝ ተውሳኩን ለጎረቤቱ ታደርሳለች።

«ለዚህ እኮ ነው ሁሉም ይመርመር ያልነው» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። በደም ውስጥ ያለው ተውሳክ ጥቂት ከሆነ ኪቱ አያየውም። ብዙዎቹ ኪቶች ደግሞ ፋልሲፓረምን የሚለዩት ኤች አር ፒ 2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያስገኘው ዘረ መል የጎደለው ተውሳክ አማራ ክልልን ጨምሮ በኢትዮጵያ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት ተገልጿል፤ አንዳንዱም መድኃኒት የመቋቋም ምልክት ጭምር አለው! ቫይቫክስ በበኩሉ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፤ በምርመራው ቀን «ነፃ ነህ» የተባለው ሰው ከወራት በኋላ ይንቀጠቀጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ስርጭትን ለመቀነስ ተብሎ ሕዝብን በጅምላ መርምሮ ማከምን አይመክርም።

እዚሁ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሦስት ሠራተኞች ወባ ወዳለበት አገር ሳይሄዱ ታመሙ። ለሦስት ሰው የተውሳኩ ዘር እስኪታወቅ ድረስ ተመረመረ። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20፣ 2024 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል።

እኔ ኪቱን አልጠላሁም። በትኩሳት እየነደደ ጤና ኬላ ለሚደርስ ሕፃን ነፍስ ነው። የጠላሁት የአንድ ሳምንቱን ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ክልሉ ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱስ በምን ይደርሳል? በእኔ በኩል አስቀድመን የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት የጎደለው ምን እንደሆነ እንጠይቅ ባይ ነኝ፤ መድኃኒት ነው? አጎበር ነው? ወይስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትጓዝበት ነው? ኪት ከሆነም በኤች አር ፒ 2 ብቻ የማይሠራውን እንግዛ።

ጋሼ ቡናቸውን ጨርሰው «ታዲያ አታዋጣም ማለት ነው?» አሉኝ። መቶ ዩሮ ሰጥቻለሁ። ቅድመ ሁኔታዬንም በቃለ ጉባኤው አስይዣለሁ።