ደንቆሮ ጫካ፦ ዳገቱ የሚክስበት መንገድ

ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙም የማይርቀው የደንቆሮ ጫካ በእግር ለሚሄድ ሰው ወደር የለውም። በቦረናና በሳይንት ወረዳዎች መካከል የሚገኘው ይህ ደን በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ፓርክ ሆኖ ተከልሏል።

የመንገዱ ትልቁ ጸጋ ከፍታው በጨመረ ቁጥር መልኩን መቀየሩ ነው። ከታች ጥዱና ወይራው ተጋጥመው ፀሐይ አያስገቡም፤ መሬቱ ያዳልጣል፣ ሥሩ እግር ይጠልፋል። ዳገቱ ትንፋሽ ማሳጠር ሲጀምር ኮሶ ይመጣል፤ ቀላ ያለ ቅርፊቱ በእጅ ሲነኩት ይላጣል። ከ3000 ሜትር በላይ ዛፉ እያጠረ አስታ ይተካዋል፤ ከዚያም ጓሳና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። ብርዱ እዚህ ቀልድ አያውቅም፤ ጋቢ ያልያዘ ይቆጨዋል።

ድካሙን የሚያስረሳው ግን አፋፉ ነው። ሸለቆው እግር ሥር ይዘረጋል፤ ጅረቶቹ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ጭላዳ ዝንጀሮ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቶቹ ይነጫል፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል። ለእኛ ጉልበት የሚያርደው ገደል ለእሱ ከአውሬ የሚያመልጥበት የሌሊት ማደሪያው ነው።

ለመሄድ ያሰበ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ በጥቅምት ቢነሳ ይመረጣል። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይያዝ፤ ማልዶ ይውጣ፤ ጉም ከቀደመው ያ ሁሉ ዳገት ነጭ ግድግዳ ለማየት ይሆናል።